በጓሳ ጉም ውስጥ የባቡር ጣቢያ የጠየቅሁበት ቀን

ባቡር አይቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አሁን በማወራችሁ ነገር ውስጥ የባቡር ጣቢያ ስላለበት ነው። ጣቢያውን የጠየቅሁትም ከተማ መሐል አይደለም። ጭላዳና ቀበሮ በሚውሉበት፣ ከሣርና ጅብራ ከሚባለው ሰው የሚያህል ተክል በቀር ምልክት በሌለው በመንዝ ጓሳ ሜዳ ላይ፣ የፈረሴን ጆሮ እንኳ በማያሳይ ጉም ውስጥ ቆሜ ነው። ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም ብላችሁ ገና ከበሩ አትመለሱብኝ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ያን ጊዜ የምተዳደረው ፈረስ በማከራየት ነበር። ወደ ጓሳ የሚመጡ እንግዶች ጓዛቸውን የሚጭኑባቸው፣ ሲደክማቸውም የሚቀመጡባቸው ሁለት ፈረሶች ነበሩኝ። እንግዳ ሲኖር ሜዳው ላይ ባለው የእንግዳ ማረፊያ እሰነብታለሁ፤ ሲጠፋ መሐል ሜዳ ከተማ እናትና አባቴ ቤት እገባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ የለም። ሆኖም እኔና ፈረሶቼ ሜዳውን ስንዞር እንውላለን፤ ከሩቅ ያየን ሰው ሥራ ላይ ያለን ይመስለዋል።

አብሮኝ የተማረ አንድ ጓደኛዬ በነጻ የትምህርት ዕድል ሩሲያ ሄዶ ነበር። እሱ ደውሎ አንተም አመልክት፣ እስከዚያው ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ ልመድ ሲለኝ ልቤ ሸፈተ። ለመንገደኛ የሚጠቅሙ መሠረታዊ የሩሲያኛ አባባሎች የሚል የድምፅ ትምህርት ስልኬ ላይ ጫንኩ። የምታስተምረው አንዲት ሴትዮ ናት። አንዱን አባባል ቀስ ብላ ትለውና ዝም ትላለች፤ እኔ በዝምታዋ ውስጥ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ያን ዓመት ጓሳን የዞርኩት ከእሷ ጋር ነው ማለት ይቻላል። ዝድራስትቩይቴ ስትለኝ ዝድራስትቩይቴ እላለሁ፤ ጤና ይስጥልኝ ማለት ነው። ስፓሲባ ስትለኝ ስፓሲባ እላለሁ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ዳማው ፈረሴ ጆሮውን ወደ ኋላ ቀስሮ ያዳምጠን ስለነበር ከእኔ ቀድሞ ሳይችለው አልቀረም።

ጉም ሲመጣ የጓሳ ጅብራዎች ሰው መስለው ይቆማሉ። እኔም በረዶ በጣለበት ከተማ መንገድ ዳር የቆሙ ሩሲያውያን አድርጌ እቆጥራቸውና አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ። ይቅርታ፣ ሆቴሉ በየት ነው? ይሄ ስንት ያወጣል? አንድ ትኬት፣ እባክዎ። ጅብራ ምን ይመልሳል። እኔ ግን መልስ ሳልጠብቅ አመስግኜ አልፋለሁ። ደስተኛ ነበርኩ። እግሬ መንዝን እየረገጠ ልቤ ሌላ አገር ነበር።

አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። የሴትዮዋ መንገደኛ ሲጠይቅ ውሎ ሲጠይቅ ያድራል። የት ነው፣ ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ አልገባኝም፣ ጠፍቶብኛል። እኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤቶች» ይላል፣ ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፣ እግሩ ታጥቦ ያለውን ቀምሶ ይተኛል፣ አለቀ። በእሷ ትምህርት ውስጥ ቤት ለእንግዳ የሚል የለም። የሚጠይቀው እንጂ የሚመልሰው ሰው ምን እንደሚል አንድም ቀን አላስተማረችኝም። ተስፋ የማደርገው አገሩ ስሄድ የሚመልስልኝ ሰው እንደማላጣ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ በሁዳዴ፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ሁለት እንግዶች መጡ። አስጎብኚው ሩሲያውያን ናቸው ሲለኝ የያዝኩትን ልጓም ለቀቅኩት። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ስማቸው ሚካኢል፤ እኛ ወዲያው ሚካኤል አልናቸው። ሁለተኛዋ ልጃቸው ኒና ናት፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ከአስጎብኚው ጋር በእንግሊዝኛ የምትግባባ። ሽማግሌው ከሩሲያኛ ሌላ አያውቁም።

ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ቆመ። ከአፌ የወጣው ግን ዝድራስትቩይቴ ብቻ ነው። ለቀረው አፈርኩ። ጅብራ ፊት ሊቅ የነበርኩት ሰው ፊት ዲዳ ሆንኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡኝ፤ ሰላምታዬን መለሱልኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ኋላ አስጎብኚው ነገሩን አጫወተኝ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ከአፋቸው ቃል የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ኒና አንድ ነገር አይተው ልባቸው ቢመለስ ብላ ነው አገር ላገር ይዛቸው የምትዞረው። እዚህ የመጡትም ቀይ ቀበሮ ሊያዩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚው የመኪናውን ጎማ ሊያስጠግን መሐል ሜዳ ወረደ። እኔ ፈረሶቼን ውሃ አጠጥቼ ስመለስ ኒና በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ ልክ አልነበረም። «ፓፓ» አለችኝና ባዶውን ሜዳ አሳየችኝ። በእጅም፣ በጥቂት እንግሊዝኛም ተረዳዳን። እሷ ተኝታ ሳለ ካሜራቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጥተዋል። ወደ ውስጥ ጎትታ አስገባችኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርታቸውን አሳየችኝ። ሽማግሌው በሹራብ ብቻ ነበር የወጡት።

ይህን ስታሳየኝ ጉሙ በመስኮቱ በኩል መጣ። የጓሳ ጉም ከሰማይ አይወርድም፤ ከገደሉ ሥር እየጨሰ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ አፋፉን፣ ቀጥሎ ጉብታዎቹን፣ ቀጥሎ ጅብራዎቹን አንድ በአንድ ይወስዳል። ትንሽ ቆይቶ የቤቱ አጥር ጠፋ። ከዚያ ዓለሙ በሙሉ ነጭ ሆነ።

ብርዳችንን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የጓሳ ብርድ ጨካኝ አይመስልም። አባብሎ ነው የሚገድለው። በሹራብ ብቻ እርጥብ ጉም ውስጥ የቆየ ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይተወዋል፣ ከዚያ ደስ የሚል እንቅልፍ ይመጣበታል። ጠፍቶ ሳለ ሰው ደርሶለት የነቃ አንድ በግ አርቢ፣ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም ሲል ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላ የበልጉ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ያን እንቅልፍ የተኛ አይነቃም። ኒና ይህን ሁሉ አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ስልክ በዚያ ቀን አይሠራም ነበር። ኒናን ከቤት አትውጪ ብዬ አስማልኳት ማለት እችላለሁ፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ። ከወጥ ቤት የቆርቆሮ ትሪና ማንኪያ አምጥቼ ሰጠኋት። እሷ ስትደበድበው እኔ ቤቱ በየት እንዳለ አውቃለሁ፤ አባቷም ከሰሙ ወደ ድምፁ ይመጣሉ። ገባት። ካፖርቱን አንከብክቤ፣ ዳማውን ጭኜ ወጣሁ። ከኋላዬ ትሪው ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል።

እየሄድኩ ተጣራሁ። አባባ ሚካኤል እያልኩ፣ እንደ ልጃቸው ፓፓ እያልኩ። በጉም ውስጥ ጮኻችሁ አታውቁ እንደሆነ፣ ድምፅ ሩቅ አይሄድም፤ አፍ ላይ ጥጥ የተደፋ ይመስላል። በጎን በኩል ሰው ቆሞ አይቼ ሮጬ ስደርስ ጅብራ ይሆናል። ሌላ ሰው አይቼ ስደርስም ጅብራ ይሆናል። ዓመት ሙሉ ሰው እያደረግኩ ስጫወትባቸው የነበሩት ሁሉ ያን ቀን ተጫወቱብኝ።

ፀሐይ የት እንዳለች ባላውቅም ረፋድ ሳይሆን አልቀረም፣ አንድ የሚንቀሳቀስ ጥላ አየሁ። በርኖሱን አወቅሁት። ጋሽ ጌጡ ናቸው፣ የጓሳ ጠባቂ። የአገሩ ሰው በአንድ ቃል ዘግቶ በአንድ ቃል የሚከፍተውን ሣር፣ ያለ ጊዜው ከብት እንዳይገባበትና ማጭድ እንዳያርፍበት የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ጌጡ ብዬ ጠራሁ። ዝም። ደግሜ ጠራሁ። ዝም። በሦስተኛው «አቤት» አሉ።

ይህ ንቀት አይደለም፤ የአገራችን ደንብ ነው። በጉም ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የጠራህን አትመልስለት ተብለን ነው ያደግነው። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፤ ማንን እንደሚጠራም በስም ያውቃል። ስም ሳይጠራ አንዴ ጮኾ ዝም የሚል ነገር ሰውን ወደ ገደል የሚወስድ ነው ይላሉ። ሳቁበት፣ አትሳቁበት የእናንተ ፈንታ ነው። ጉሙ ውስጥ ስትቆሙ ግን አትስቁም።

አንድ ሽማግሌ እንግዳ እንደጠፋብኝ ነገርኳቸው። አላየሁም አሉ። አብረን እንፈልግ ብዬ ጉዞ ስንጀምር ጋሽ ጌጡ እንደ ልማዳቸው አልተጫወቱም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የእሳቸው ዝምታ ግን ሲያስጨንቃቸው ይታይ ነበር። በመጨረሻ ቆሙ።

«ደምሴ፣ ሰው ነው የጠፋው ያልከኝ?»

«ሰው ነው ጋሼ።»

«ፈረንጅ ነው?»

«አዎ፣ ፈረንጅ ናቸው።»

የበርኖሱን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳቡ። «ጠዋት ወዲያ በአፋፉ በኩል ሳልፍ አንድ ነገር ጮኸ» አሉኝ። «አንዴ ነው የጮኸው። የማንንም ስም አልጠራም። ቋንቋውም የሰው ቋንቋ አልመሰለኝም። አማተብኩና መንገዴን ቀየርኩ።»

ምን ብሎ እንደጮኸ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ጌጡ በልጅነታቸው ዜማ ተምረዋል። የመምህራቸውን ቃል በጆሮ ብቻ እየያዙ ያደጉ ናቸውና አንድ ጊዜ የሰሙት አይጠፋቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፁ የወጣበትንና የወደቀበትን ሳይቀር እንደነበረ አድርገው፣ «ፓማጊቴ» አሉኝ።

ቃሉን አወቅሁት። ሴትዮዋ ያን ቃል የምታስተምረው ትምህርቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። ብዙ ቀን ስደግመው ከርሜያለሁ፣ ለየትኛው ቀን ይሆነኛል ብዬ ሳላስብ። እርዱኝ ማለት ነው። ለጋሽ ጌጡ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«የእግዜር እንግዳ ነበረ» አሉ። «ደጄ ላይ ቆሞ ቤቶች ሲለኝ በሩን ዘጋሁበት ማለት ነው።»

እኔ በበኩሌ አልወቀስኳቸውም፤ እሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አማትቤ እሄድ ነበር። ያን ጊዜም ይህንኑ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አይመስለኝም። መሪነቱን ከእኔ ተቀብለው፣ ጉሙ እንደሌለ ሁሉ ወደ አፋፉ ፈጥነው ሄዱ። እኔና ፈረሴ በርኖሳቸውን እንዳንስት ስንሮጥ፣ የኒና ትሪ እየራቀ እየራቀ መጥቶ አንድ ቦታ ላይ ጠፋ።

ድምፁን የሰሙበት ቦታ ስንደርስ ጋሽ ጌጡ በዚያ በዜማ ድምፃቸው ተጣሩ። ስማቸውን ከእኔ ይዘው፣ ሚካኤል ብለው ሦስቴ። ትንሽ ሄደን እንደገና ሦስቴ። ከዚህ ወዲያ መሬቱ ይሰበራል፤ እርከን እርከን እየሆነ ወደ ገደል ይወርዳል። በዚያ ጉም ፈረስ ይዞ መውረድ አይቻልም፣ በእግርም ወዴት እንደሚወርዱ ሳያውቁ መውረድ መሞት ነው። ቆመን አዳመጥን። ከራሳችን ትንፋሽ በቀር ምንም የለም። ፊቴ ላይ የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ አረፈች።

ያን ጊዜ ነው በቋንቋቸው መጥራት አለብኝ ብዬ ያሰብኩት። አሰብኩና ባዶ ሆንኩ። ካለኝ ሁሉ ውስጥ የት ነዎት የሚል የለም። አይዞዎት የሚል የለም። ደርሰንልዎታል የሚል የለም። ሴትዮዋ ያስታጠቀችኝ ጠያቂ አድርጋ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አፌን ከፈትኩና ጤና ይስጥልኝ ብዬ ጮኽኩ። ሆቴሉ በየት ነው ብዬ ጮኽኩ። ይሄ ስንት ያወጣል ብዬ በገደል አፋፍ ላይ ጮኽኩ።

ጋሽ ጌጡ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን እያልከው ነው?»

«ዋጋ እየጠየቅኋቸው ነው።»

ጥቂት አሰቡ። «ጠይቅ» አሉኝ።

ጠየቅሁ። አንድ ትኬት እባክዎ አልኩ። ያለችኝን ሁሉ አወጣሁ፤ ምሳ ቤት የሚባለውን፣ ሐኪም የሚጠራበትን፣ ሰዓት የሚጠየቅበትን። ድምፄ ሊሰበር ሲል አንድ ቀርቶኝ ነበር፤ ጅብራዎቹን ደጋግሜ የምጠይቃቸው እሷን ነው። «ስካዢቴ፣ ፓዣሉስታ፣ ግዴ ቫግዛል?» አልኩ። እባክዎ ይንገሩኝ፣ ባቡር ጣቢያው በየት ነው?

ከዚያ ከበታቻችን፣ ከጉሙ ሆድ ውስጥ፣ የሰው ድምፅ መጣ። ጩኸት አይደለም። መንገድ ላይ ተጠይቆ የቆመ ሰው የሚናገረው ዓይነት፣ ዝግ ያለ፣ ትሕትና ያለበት ድምፅ ነው። «ፕርያማ» አለ። ቀጥታ ማለት ነው፤ ቀጥታና ግራን በስልክ ያስያዘኝ ጓደኛዬ ነው። ከዚያ የማላውቀው ብዙ ነገር። ከዚያ «ናሌቫ»። ወደ ግራ።

ጋሽ ጌጡ ክንዴን ጨበጡኝ። ሽማግሌው መንገድ እያሳዩኝ ነበር።

ቀጥታ ባሉኝ ብሄድ ገደል ነው የምገባው፤ የሚያሳዩኝ የራሳቸውን ከተማ መንገድ ነውና። እኛ የተከተልነው ድምፁን ነው። በእጅና በእግራችን ድንጋይ ለድንጋይ እየዳሰስን መውረድ ጀመርን። ድምፁ ሲቋረጥ «ያ ኒ ፓኒማዩ» እላለሁ፤ አልገባኝም ማለት ነው። ሽማግሌው ትንሽ ቆይተው፣ ነገሩ ያልገባው ሰው እንደሚነገረው ቀስ ብለው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ይደግሙልኛል። ቀጥታ፣ ከዚያ ወደ ግራ። እንደገና ይቋረጣል። እንደገና አልገባኝም እላለሁ። እንደገና፣ ድምፃቸው እየደከመ፣ ግን ሳይሰለቹ ይነግሩኛል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደንቆሮ መሆን የጠቀመኝ ጊዜ የለም። እንባዬ ይወርድ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ከአንድ ቋጥኝ ሥር አገኘናቸው። ጉልበታቸውን ታቅፈው፣ ካሜራቸውን ሹራባቸው ውስጥ ሸጉጠው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። መንቀጥቀጡ ትቷቸዋል። አንድ እጃቸው ግን ከጉልበታቸው ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጣታቸው በጉሙ ውስጥ ወደ ግራ ይጠቁማል።

ጋሽ ጌጡ አንድም ቃል ሳይናገሩ በርኖሳቸውን አወለቁ። እርጥቡን ሹራብ ገፈን፣ ካፖርቱን አልብሰን፣ በርኖሱን ከላይ ጠቀለልንባቸው። ጋሽ ጌጡ ደረታቸውን ለሽማግሌው ጀርባ ሰጥተው ተቀመጡና አቅፈው ያዟቸው፤ የገዛ ገላቸው ላይ የቀረችው አንዲት እጀ ጠባብ ናት። እስኪሞቃቸው ድረስ ዳዊት ሲደግሙ ቆዩ። ሽማግሌው እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ተመስገን አልን። መንቀጥቀጥ ደግ ነገር እንደሆነ የሚያውቀው ብርድ አገር የኖረ ሰው ነው።

እንዴት ወደ ላይ እንዳወጣናቸው በደንብ አላስታውስም። ዝናቡ ሲጠና ፈረሱ ላይ ነበሩ፤ ጋሽ ጌጡ ከኋላቸው ተፈናጠው ደግፈዋቸዋል፣ እኔ ልጓሙን ይዤ እመራለሁ። ሁሉም ነገር እንደ ሕልም ነበር። ነጭ ውስጥ እንራመዳለን፤ መሄዳችንንም መቆማችንንም የሚናገር ነገር የለም። ከዚያ ከሩቅ ቃ፣ ቃ፣ ቃ የሚል ሰማሁ። ኒና አላቆመችም ነበር። ስንደርስ ትሪው ጎድጉዷል፣ እጇ አብጧል። አባቷን ስታይ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

እሳት አጠገብ አስተኛናቸው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ በትንሽ በትንሹ ሰጠናቸው። ደም ወደ ፊታቸው ተመለሰ። ወደ ማታ ላይ ጋሽ ጌጡ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዘው ገቡ። ሽማግሌው እግር ሥር ተንበርክከው ካልሲያቸውን አወለቁና እግራቸውን ማጠብ ጀመሩ። ኒና ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ምን እንደሆነ ልነግራት ቃል አልነበረኝም። የታጠበውን እግር ስመው ሲነሡ ግን የገባት ይመስለኛል።

አስጎብኚው ተመልሶ የሆነውን ሲሰማ ክው አለ። ሽማግሌው ከመጡ ጀምሮ ከተናገሩት ሁሉ ይበልጥ ያን ማታ ተናገሩ። ለኒና ይነግሯታል፣ ኒና ለአስጎብኚው፣ አስጎብኚው ለእኛ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ አንድ ሰው ነው። በጉሙ ውስጥ ጣቢያው የጠፋበት አንድ መንገደኛ ነበር፤ አገሩን የማያውቅ፣ ቋንቋውንም የማይችል ምስኪን ሰው። ጣቢያውን አገኘው ወይ አሉ።

እኔ ነኝ አልኩ። አገኘሁት አልኩ።

ሽማግሌው እንዲህ አሉ። ስሜ ሲጠራ ሰምቼ ነበር። ሚካኢል፣ ሚካኢል ይላል። ሚስቴ ናት ብዬ አሰብኩ። አልፈራሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ መጣሁ፣ ትንሽ ቆዪ አልኳት። ከዚያ አንድ ሰው መንገድ ጠየቀኝ። እንዴት ያለ የጠፋ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ለእሱ ሳልነግረው መሄድ ነውር ሆነብኝ። ስነግረው አይገባውም፤ ስነግረው አይገባውም፤ ጥዬው እንዴት ልሂድ።

ኒና ይህን ስትተረጉም የአባቷን እጅ ያዘች። ጋሽ ጌጡ ወደ እሳቱ ዞረው ቆሙ።

እንግዲህ የገጠመኝ ይህ ነው። የትምህርቱ ዕድል አልደረሰኝም፤ ዛሬም ፈረስ አከራያለሁ፤ ሴትዮዋንም ካዳመጥኳት ቆይቻለሁ። ተለውጠሃል ወይ ብትሉኝ ግን ተለውጫለሁ። ድሮ የወደቀ ሰው ሳይ አይዞህ እል ነበር። አይዞህ መልካም ቃል ነው፣ አትተዉት። ግን እንደ ሚካኤል ያሉ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን ሦስቴ ብትጠሩ፣ ወዳጅ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጠራ፣ ለራሳቸው ሲሉ አይነሡም። ለራሳቸው መነሣት ታክቷቸዋል። እንደዚያ ያለ ሰው ደጅ የምትሄዱ ከሆነ መስጠት ብቻ ሳይሆን ለምኑት። የሚያውቀውን ጠይቁት። የማታውቁትንም አትደብቁ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ዐረፈች። አርባዋ ከወጣ በኋላ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ጎረቤት መጣ፣ የንስሐ አባቱ መጡ፣ እኔም አባዬ ተነሥ፣ አባዬ ቅመስ ስል ሰነበትኩ። እሺ ይላል፣ አይነሣም። አንድ ጠዋት በጓሮ ያለችው በግ ምጥ ጸንቶባት ስታቃስት ሰማሁ። በግ አዋልጄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ የሚያዋልዳቸው እሱ ነበር። ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባዬ፣ ያቺ ቡላዋ ልትሞትብኝ ነው፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም አልኩት።

ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ «የወጣው የፊት እግሩ ነው የኋላው?» አለኝ።

አላየሁም አልኩ።

«የፊቱ ከሆነ ጭንቅላቱ ተከትሎት መጥቷል ወይ?»

አባዬ፣ አልገባኝም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ አልገባኝም። አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ጋቢውን ገለጠ፣ ከአልጋው ወርዶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።